የክንዳችን ጠባሳ ታሪክ



እዚህ አዲሰን አንድ ቤት ቡና ላይ ተሰብስበን ሳለ አንዲት እናት፣ «ልጄ ችፌ አለበት፤ የኩፍኝ ክትባት ላስከትበው ወይስ ይቅር?» ብለው ጠየቁ። አገር ቤት ድሬሰር የነበሩ አንዲት አዛውንት እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ያለውን ክብ ጠባሳ እያሳዩ፣ «እኛ ስንማር ችፌ ያለበት ልጅ አይከተብም ተብለናል» ሲሉ መለሱ።

እትዬ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የተማሩት ስለ ፈንጣጣ ክትባት ነበር።

የፈንጣጣ ክትባት ቫክሲኒያ ከተባለ ሕያው ቫይረስ ይዘጋጅ ነበር። በጤነኛ ልጅ ክንድ ላይ አንዲት ቁስል ታወጣለች፤ ቅርፊት ሠርታ ትድናለች፤ ጠባሳዋ ይቀራል። ችፌ ባለበት ልጅ ላይ ግን አልፎ አልፎ ቁስሉ በገላው ሁሉ ይዛመትና ለሞት ያደርሰው ነበር። የተከተበ ወንድሙ እንኳ በንክኪ ሊያጋባበት ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 ከተከተቡት 14 ሚሊዮን ያህል ሰዎች 9ኙ በክትባቱ ጠንቅ ሞተዋል።

ታዲያ ለምን ይሰጥ ነበር? ፈንጣጣ ከዚያ እጅግ የከፋ ስለ ነበረ ነው። ከባዱ ዓይነት ከያዛቸው 10 ሰዎች 3ቱን ያህል ይገድል ነበር። በኢትዮጵያ የማጥፋቱ ዘመቻ በ1971 ሲጀመር በዚያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ከታቢዎች ባለ መንታ ጫፍ መርፌ ይዘው ተራራውንም በረሃውንም አዳረሱ። የመጨረሻው ሕመም በነሐሴ 1976 ኦጋዴን ውስጥ ዲሞ በተባለች መንደር ተገኘ። በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። አሜሪካ ለሕፃናት መስጠቱን በ1972 አቁማ ነበር፤ በሽታው ከራቀ ጠንቁ ከጥቅሙ ይበልጣልና።

የኩፍኝ ክትባት ሌላ ነው። ከ20 ሕፃናት በአንዱ ያህል ላይ ከሳምንት በኋላ ቀላል ሽፍታ ሊወጣ ይችላል፤ በጥቂት ቀን ይጠፋል። ችፌም ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። በሌላ በኩል በ2025 እዚሁ ቴክሳስ ኩፍኝ 762 ሰዎች ይዞ ያልተከተቡ ሁለት ልጆች ገድሏል።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ የልጅዎን ችፌ፣ የሚወስደውን መድኃኒትና ከቀድሞ ክትባት ያገኘው ከባድ አለርጂ ካለ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። የእትዬም ጠባሳ ለልጆቻችን የሚነገር ታሪክ ነው፤ ያ ቁስል ስለ ታገሠ እነርሱ ፈንጣጣን በስም ብቻ ያውቁታል።