አይሲኤም (ፖከር)

አይሲኤም በፖከር ውድድር አንድ ተጫዋች የያዘው ቺፕ ከሽልማቱ ስንት ገንዘብ እንደሚያወጣ የሚገምት የሒሳብ ዘዴ ነው። ሜሰን ማልሙዝ እ.ኤ.አ. በ1987 ለፖከር ያቀረበው ሲሆን፣ ስሌቱ ዴቪድ ሃርቪል እ.ኤ.አ. በ1973 ለፈረስ እሽቅድድም ካወጣው ቀመር ጋር ተመሳሳይ ነው።

መነሻው

በተራ የገንዘብ ፖከር ተጫዋቹ በፈለገ ጊዜ ቺፑን መንዝሮ ይሄዳል። በውድድር ግን ቺፕ አይመነዘርም፤ ሽልማት የሚከፈለው በደረጃ ነው። ቺፑን ሁሉ የሰበሰበው አሸናፊ እንኳ የሚወስደው የአንደኛውን ድርሻ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የሚገኝ ቺፕ ከሚጠፋ ቺፕ ያነሰ ዋጋ አለው።

ምሳሌ

ሦስት ተጫዋቾች ቀርተዋል፤ ሽልማቱ 50፣ 30 እና 20 ዶላር ነው። አንደኛ የመውጣት ዕድል ከቺፕ ድርሻ ጋር እኩል ይወሰዳል። ለሁለተኛነት አንደኛው ተቀንሶ በቀሩት መካከል እንደገና ይሰላል።

* «ሀ»፦ 5,000 ቺፕ፣ 38.39 ዶላር
* «ለ»፦ 3,000 ቺፕ፣ 32.75 ዶላር
* «ሐ»፦ 2,000 ቺፕ፣ 28.86 ዶላር

«ሐ» ያለውን ሁሉ አስይዞ ከ«ለ» ጋር ቢጋጠምና ቢያሸንፍ ቺፑ እጥፍ ይሆናል፤ ዋጋው ግን ወደ 36.44 ዶላር ብቻ ያድጋል። ቢሸነፍ 20 ዶላር ይዞ ይወጣል። ትርፉ 7.58፣ ኪሳራው 8.86 ዶላር በመሆኑ፣ ሌላ መደብ ከሌለ፣ ግጥሚያው የሚያዋጣው የማሸነፍ ዕድሉ ከ54 በመቶ ገደማ ሲበልጥ ነው። በገንዘብ ፖከር 50 በመቶ ይበቃ ነበር።

በአጨዋወት ላይ ያለው ውጤት

* ሽልማት ሊጀምር አንድ ሰው መውጣት ብቻ ሲቀር (ይህ ወቅት «ባብል» ይባላል) ጥንቃቄ ይጨምራል። ብዙ ቺፕ ያለው፣ ሌሎች ከውድድሩ ሊያስወጡት ስለማይችሉ፣ መደቡን እያሳደገ ያስጨንቃቸዋል። መካከለኛ ቺፕ ያለው ደግሞ ከእሱ ያነሱት ቀድመው እንዲወጡ መጠበቅ ያዋጣዋል።
* ሽልማቱ በሙሉ ለአንደኛው ከሆነ የቺፕና የገንዘብ ድርሻ እኩል ይሆናሉ።
* ለብዙዎች እኩል ሽልማት በሚሰጥ ውድድር፣ ለምሳሌ ወደ ትልቅ ውድድር መግቢያ በሚያስገኝ ማጣሪያ፣ ማለፉ የተረጋገጠለት ተጫዋች ሁለት አስ ይዞ እንኳ ካርታውን ሊጥል ይችላል።

ተጫዋቾች በመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ሽልማቱን በስምምነት ሲከፋፈሉም ብዙ ጊዜ በዚህ ስሌት ይጠቀማሉ።

ጉድለቶች

ዘዴው የተጫዋቾችን ችሎታ እኩል አድርጎ ይወስዳል። የመቀመጫ ቦታንና በየዙሩ በግዴታ የሚከፈለውን መደብ አያስገባም። ተጫዋቾች ሲበዙ ስሌቱ ይከብዳል፤ 10 ሰዎች በ3,628,800 የተለያዩ ቅደም ተከተሎች ሊጨርሱ ስለሚችሉ ሥራው ለኮምፒዩተር ይተዋል።