ከባዱ ድንጋይና ነቅዑ

«ሉንድ» በስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ደን ነው፤ ጥቅጥቅ ያለው ጫካ ሳይሆን ለጥላ የሚበቃው። በደቡብ ስዊድን፣ በስኮኔ ምድር ያለችው ከተማ ይህን ስም ይዛ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሰሜን አገሮች ሊቀ ጳጳስ መንበር ሆነች፤ በ1666 ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ተተከለባት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የስሟ ጉዞ ለግዕዝ ጆሮ እንግዳ አይደለም። «ገዳም» በግዕዝ ዱር፣ በረሓ፣ ያልታረሰ መሬት ነበር፤ መነኮሳት ስለ ሰፈሩበት ነው ዛሬ ስሙ ሲነሣ ደወልና ማኅሌት የሚታሰበን። ሉንድም ከደን ወደ ካቴድራል፣ ከካቴድራል ወደ ፊዚክስ ተሻግራለች። በዳርቻዋ፣ ቀድሞ በታረሰ መሬት ላይ፣ የአውሮፓ ስፓሌሽን ምንጭ፣ በአጭሩ ኢ.ኤስ.ኤስ.፣ ከ2014 ጀምሮ ሲገነባ ቆይቷል።

«ስፓል» በእንግሊዝኛ ከድንጋይ ላይ የሚፈናጠር ስንጣሪ ነው። ከዚያ «ስፓሌሽን» ተበጀ። ድንጋይ ጠራቢ መዶሻውን ሲያሳርፍ ፍንጣሪው ወዲያና ወዲህ እንደሚበተን፣ 600 ሜትር ገደማ በሚረዝም ቀጥ ያለ ማፋጠኛ የተወነጨፈ ፕሮቶንም ከከባድ አቶም እምብርት ላይ ኒውትሮኖችን ይፈነጥራል። ዕቅዱ በሰከንድ 14 ምት ነው። ግዕዝ «ጸረበ» ይላል፤ ዮሴፍ «ጸራቢ» የተባለው በአናጢነቱ ነው። ጸ ወደ ጠ ዞሮ አማርኛው «ጠረበ» አለ፤ «ጥርብ ድንጋይ»ም ከዚሁ ወጣ። እንግዲህ ስፓሌሽንን «ጥረባ» ብለው የሚቆጣኝ ፊዚክስ ዐዋቂ ያለ አይመስለኝም።

«ኒውትሮን» ላይ ግን አማርኛችን ይሰናከላል። ሥሩ የላቲኑ «ኔውተር» ነው፤ «ኔ» አይደለም፣ «ኡተር» ከሁለቱ አንዱ፦ ይህም ያልሆነ፣ ያም ያልሆነ። የላቲን ሰዋስው ጸሐፊዎች ወንድም ሴትም ላልሆነው ስም ተጠቀሙበት። ጄምስ ቻድዊክ በ1932 ያረጋገጠው ቅንጣት አወንታዊም አሉታዊም የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው ስሙ ልክ ገባለት። እኛ «ገለልተኛ» እንላለን፤ «ገለል አለ» ማለት ደግሞ ፈቀቅ አለ፣ ከመንገድ ወጣ ማለት ነው። ኒውትሮን ፈቀቅ አይልም። ሙል ስለሌለው ነው የኤሌክትሮኑን ደመና ሰንጥቆ እምብርቱ ድረስ የሚዘልቀው። ቃላችን የሚስማማው ለስዊድን ነበር፤ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ከጦርነት ገለል ብላ ኖራ በመጋቢት 2024 ኔቶ እስክትገባ ድረስ።

ፕሮቶኑ የሚመታው ዒላማ 2.6 ሜትር ስፋት፣ አምስት ቶን ገደማ ክብደት ያለው የሚሽከረከር ጎማ ነው። («ዒላማ»ና «ዓላማ» ሁለቱም ምልክትን ወደሚሰይመው የዐረብኛ ሥር ይመለሳሉ፤ ተኳሹና ዐቃጁ አንድ ቃል ተካፍለዋል።) የጎማው ሆድ ተንግስተን ነው። «ተንግ» በስዊድንኛ ከባድ፣ «ስቴን» ድንጋይ፤ ከባድ ድንጋይ። በግዕዝ «ከቢድ» ከባድ፣ «ከብድ» ጉበት ነው፤ ዕብራይስጡም ለክብደትና ለጉበት አንድ ቃል አለው። ዓለም እንግሊዝኛውን ተከትሎ ተንግስተን እያለ ሲጠራው ባለቤቷ ስዊድን ግን ብረቱን «ቮልፍራም» ትለዋለች! ይህ የጀርመን ማዕድን ቆፋሪዎች ስም ነው፤ «ቮልፍ» ተኵላ። ማዕድኑ ከቆርቆሮ ማዕድን ጋር ተቀላቅሎ ሲቀልጥ ቆርቆሮውን ይበላባቸው ነበርና፣ በግ እንደሚበላ ተኵላ ቆጠሩት። በኬሚስቶች ሰንጠረዥ ላይ ያለው ምልክቱም ከዚህ ስም የተወሰደ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ጣፋጭ ይሆናል። ስዊድናዊው ኬሚስት ሼሌ በ1781 ከከባዱ ድንጋይ አሲዱን አወጣ፤ ብረቱን ለይተው ያወጡት ግን በ1783 የኤልዩያር ወንድማማቾች፣ በባስክ ምድር በቤርጋራ ከተማ ነበሩ። በግንቦት 2009 ብራስልስ ላይ የኢ.ኤስ.ኤስ. ቦታ ሲመረጥ ከሉንድ ጋር የተፎካከሩት የሃንጋሪዋ ደብረጸን እና የባስኳ ቢልባዎ ነበሩ። ቢልባዎ ተሸነፈች። ያንን የተንግስተን ጎማ እንዲያቀርብ ድርሻው የወጣለትስ ማን ነው? የቢልባዎው ማዕከል።

ይህ ዕጣ መካፈል ኢ.ኤስ.ኤስ.ን በጋራ በያዙት አገሮች ማኅበር ስም ውስጥም አለ። «ኮንሶርቲየም» ከላቲኑ «ሶርስ» ይወጣል፤ ዕጣ ነው፤ «ኮንሶርስ» የዕጣ ተካፋይ። («ዕጣ»ም የግዕዙ «ዕፃ» ነው፤ ፀ ወደ ጠ ዞሮ።) በ2013 ዋጋ 1.84 ቢሊዮን ዩሮ ተብሎ ከታቀደው ግንባታ ስዊድን 35፣ ዴንማርክ 12.5 በመቶ ወሰዱ፤ ሌሎቹ ከፊሉን በጥሬ ገንዘብ፣ ከፊሉን በዓይነት፣ ማለትም እንደ ጎማው ሠርተው በማምጣት። ዛሬ አባላቱ 13 አገሮች ናቸው፤ ተሸናፊዎቹ ስፔንና ሃንጋሪም ገብተዋል። በ2015 የተሰጣቸው ሕጋዊ ቁመና፣ «የአውሮፓ የምርምር መሠረተ ልማት ኮንሶርቲየም»፣ በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደላቱ ሲነበብ «ኤሪክ» ይሆናል። ኤሪክ ደግሞ የጥንት የስካንዲኔቪያ ነገሥታት ስም ነው፤ «ሪክ» ገዥ፣ የፊተኛው ክፍል «ብቻውን» ወይም «ዘወትር» ተብሎ ይተረጐማል። ዐሥራ ሦስት አገር ተሰብስቦ የሚወስንበትን ሸንጎ «ብቸኛ ገዥ» ያሉት የብራስልስ ጸሐፊዎች የስም ነገር አይገዳቸውም።

በእንዲህ ያሉ ዕቅዶች ሰነድ የሚዘወተረው ሐረግ «የክልል ጥቅም» ነው። «ከለለ» በግዕዝ ከበበ ነው፤ «አክሊል» ከዚሁ ነው። «ጥቅም» ደግሞ በግዕዝ መጻሕፍት የከተማ ቅጥር ነው፤ ከአማርኛው «ጥቅም» ጋር ዘመድ ናቸው አልልም። ግን የድሮ ደብተራ «የክልል ጥቅም» ሲባል ቢሰማ የታጠረ ቅጥር ይታየው ነበር። ኢ.ኤስ.ኤስ. የተፈለገው ግን ቅጥር እንዲያፈርስ ነው። ስኮኔ እስከ 1658 የዴንማርክ ነበረች፤ የስኮኔንና የዴንማርክን ዳርቻዎች በ2000 የተከፈተው የኦሬሱንድ ድልድይ አገናኘ። ማፋጠኛው ሉንድ፣ መረጃውን የሚያቀነባብረው ማዕከል ኮፐንሃገን መሆኑ ድልድዩን የላብራቶሪ ኮሪደር ያደርገዋል። በ2020 መጨረሻ የጀመረው የሉንድ ትራም መጨረሻ ፌርማታው የተቋሙን ስም ይዟል፤ የማሽኖቹ ትርፍ ሙቀትም የከተማውን ቤቶች እንዲያሞቅ ታቅዷል። የሥራ ዕድል ቁጥር ከሚደረድር ዘገባ ይልቅ እነዚህን አምናለሁ። በዚያ ላይ ከሉንድ ምን እንደሚፈልቅ በኪሳችሁ አለ፤ ብሉቱዝ የተወለደው እዚያው በኤሪክሰን ኩባንያ ሲሆን፣ ስሙ የዴንማርኩ ንጉሥ የሃራልድ ቅጽል፣ «ሰማያዊ ጥርስ» ነው።

የቀረው «ምንጭ» ነው። ግዕዙ «ነቅዕ» ነው፤ ግሡ «ነቅዐ» ተሰነጠቀም፣ ፈለቀም ይላል። አማርኛ ስንጥቁን ለብቻ ወስዶ «ንቃቃት» አደረገው፤ ውኃው ሌላ ቃል አገኘ። በግዕዝ ግን መሰንጠቅና መፍለቅ አንድ ናቸው፤ ስፓሌሽንም ይኸው ነው፣ ሰንጥቆ ማፍለቅ። ሴማውያን ቋንቋዎች ምንጭን «ዐይን»ም ይሉታል፤ በኤምሬትስ የኖረ አል ዐይን ከተማን ያውቃል፣ ስሟ ምንጭ ነው። ከሉንድ ማፋጠኛ የሚፈልቀውም ለማየት ነው፦ ኤክስሬይ በቀላሉ የማይለየውን ሃይድሮጅን፣ በፕሮቲን ውስጥ የተሸሸገ ውኃን፣ የማግኔትን ውስጣዊ ሥርዓት። ጎረቤቱ የማክስ ፎር ላብራቶሪ፣ በ2016 የተመረቀው፣ ኤክስሬዩን ይዟል።

ስለዚህ የፊዚክስ መማሪያ የምታሰናዱ ሁሉ፣ «የኒውትሮን ሶርስ» ብላችሁ አትለፉ፤ «ነቅዐ ኒውትሮን» በሉት።