ቆሞ የማስቀደስ ልማድ በላስታ

ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከዐለት በተፈለፈለችው አሸተን ማርያም፣ ምእመናን ጫማቸውን አውልቀው፣ ደጁን ተሳልመው ይገባሉ፤ ካህናቱም መቋሚያ ተደግፈው ያዜማሉ። ይህ አቋቋም ዕድሜ ጠገብ ነው። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣውና የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የጎበኘው ካቶሊካዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የአገሩ ሰው በቤተ ክርስቲያን እንደማይቀመጥ በመጽሐፉ መዝግቧል። ከመቶ ዓመት በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀበሉ፤ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝም ቅዳሴውንና በዓላቱን ወደ ሮማ ሥርዓት ሊለውጥ ተነሣ። የላስታ ገበሬ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ዐመፀ። እልቂቱ የከበዳቸው ንጉሥ በ1632 እ.ኤ.አ. የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ። ሰፊው ሕዝብ ደሙን ያፈሰሰው አባቶቹ ለቆሙበት ሥርዓት ነበር። ዛሬም በአሸተን ካህኑ መቋሚያውን ተደግፎ ሲቆም፣ ያ ታሪክ አብሮት ይቆማል።