የዊምብልደን የኃይለ ሥላሴ ሐውልት

በደቡብ ምዕራብ ለንደን፣ በዊምብልደን ካኒዛሮ ፓርክ የነበረ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከደረት በላይ የሚያሳይ ሐውልት። የቀረጸችው ሂልዳ ሴሊግማን ናት፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ከፋሺስት ወረራ ተሰደው እንግሊዝ ሲገቡ በቤቷ ተቀብላቸዋለች። በእርሷ ዘመን ፋሺዝምን ለሚጠሉ እንግሊዛውያን ያ ፊት የተበደለች አገር ፊት ነበር። ትውልድ ሲቀየር ግን ፊቱም ሌላ ሆነ። የካቲት 1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ «መሬት ላራሹ» ብለው የተሰለፉት ተማሪዎች የባላባት ሥርዓትን አዩበት፤ ራስ ተፈሪያውያን ደግሞ አምላካቸውን። የሚገርመው፣ ሐውልቱ ራሱ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ዝም ብሎ መናፈሻው ውስጥ ቆሞ ነበር። በዚያ ዓመት ሰኔ 23 ቀን፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ በተገደለ ማግስት፣ መቶ ያህል ሰዎች መናፈሻው ገብተው አፈረሱት።