ድሪቶ በመንግሥት ትእዛዝ፤ እንግሊዞች ልብሳቸውን የጣፉበት ዘመን

በአማርኛ «ድሪቶ» ስንል ድህነትን ማለታችን ነው። በእንግሊዝም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተጣፈ ክርን ከጎረቤት የሚደበቅ ነገር ነበር። ይህን ነውር ክብር ለማድረግ የተነሣው መንግሥት ራሱ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 1941፣ በእነሱ አቆጣጠር የጰራቅሊጦስ እሑድ፣ የንግድ ሚኒስትሩ ኦሊቨር ሊተልተን በሬዲዮ ቀርበው ልብስና ጫማ ከእንግዲህ በራሽን እንደሚሸጥ አስታወቁ። ወሬው አስቀድሞ ወጥቶ ሕዝቡ ሱቆቹን እንዳያራቁት ተብሎ የልብስ ካርድ አልታደለም ነበር፤ መጀመሪያ የተሠራበት በምግብ ደብተሩ ላይ የተረፈው የማርጋሪን ኩፖን ነው። ከቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ተሰልፎ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም።

የመጀመሪያው ዓመት ድርሻ ለአንድ ሰው 66 ኩፖን ነበር። ብዙ ይመስላል። ይሁንና የወንድ ካፖርት 16፣ የሱፍ ኮት 13፣ የሱፍ ሱሪ 8፣ ጫማ 7 ይወስዳል። አራቱን የገዛ ሰው ለሸሚዙ፣ ለካልሲውና ለውስጥ ልብሱ የሚቀረው 22 ብቻ ነው። ዋጋውም በገንዘብ ለብቻው ይከፈላል። ድርሻው ደግሞ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሄደ።

በ1943 መንግሥት «ሜክ ዱ ኤንድ ሜንድ» የተባለች ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ «ያለሽን አብቃቂ፣ የተቀደደውን ጥፊ» እንደማለት ነው። ምክሩ ዝርዝር ነበር። መሐሉ የሳሳ አንሶላ ለሁለት ተቀዶ ጠንካራው ዳርና ዳር ወደ መሐል ይሰፋል። የሸሚዝ ኮሌታ ሲበላ ተፈትቶ ይገለበጣል። ያለቀ ሹራብ ይተረተርና ክሩ ታጥቦ እንደ አዲስ ይሠራል። የካልሲ ቀዳዳ ደግሞ ከሥሩ እንጉዳይ የመሰለ እንጨት ይገባለትና በመርፌ ድርና ማግ እየተደረገ ይሸመናል፤ ሸማኔ ያየ ሰው ዘዴው ወዲያው ይገባዋል። ብርሃን ወደ ውጭ እንዳይወጣ በየመስኮቱ የሚሰቀለው ጥቁር ጨርቅ ያለ ኩፖን ይሸጥ ስለነበር ቀሚስ ያደረጉትም አልጠፉም።

መጽሐፏ ግን ለማን ተጻፈች? ድሃዋ እናት መጣፍን ከሚኒስቴር አልተማረችም፤ ስትጣፍ የኖረች ናት። ኩፖኑ ለሁሉ እኩል ቢሆንም ቁም ሣጥኑ እኩል አልነበረም። ሀብታሟ ከጦርነቱ በፊት የገዛችውን ጥሩ ሱፍ እያሳጠረችና እያስጠበበች ዓመታት ትለብሳለች፤ የድሃዋ ርካሽ ጨርቅ መርፌ የሚሸከም ጉልበት እንኳ የለውም። በዚያ ላይ ከ1941 መጨረሻ ጀምሮ ሴቶች በሕግ ለጦርነቱ ሥራ ይመለመሉ ነበርና፣ ቀን ፋብሪካ የዋለችዋ ማታ ካልሲ ትጥፍ ነበር። በእኔ አስተያየት፣ ኩፖን ቁጠባ አመጣ ሲባል ይህ የሌሊት ድካም አብሮ ሊቆጠር ይገባል።

ወንዶቹ በበኩላቸው የተንጫጩት በሌላ ነበር። በ1942 ጨርቅ ለመቆጠብ ሲባል የሱሪ እግር ጫፍ ወደ ላይ ታጥፎ መሰፋቱ ተከለከለ። አንዳንዱ ሆን ብሎ ረጅም ሱሪ እየገዛ ቤቱ ያሳጥፍ ጀመር፤ በመርፌው የምትቀመጠው ያው ሚስቱ ናት። ክልከላው በ1944 ተነሣ።

ራሽኑ ግን ጀርመን እጅ ከሰጠች በኋላም ወደ አራት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ማርች 15 ቀን 1949 አበቃ። ያን ጊዜ የንግድ ሚኒስትሩ፣ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የ33 ዓመቱ ሃሮልድ ዊልሰን ነበሩ።