ድረ ገጽ ለመሥራት የትኛውን ሶፍትዌር እንምረጥ? ነጻውን ወይስ የሚከፈልበትን?

ለሱቁ፣ ለመድረሳው ወይም ለመረዳጃ ማኅበሩ ድረ ገጽ ለመክፈት የሚያስብ ጀማሪ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ነጻው ይበቃኛል ወይስ ልክፈል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ከዋጋው በፊት ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት እንላለን፦ የደከምንበት ሥራ ነገ በማን እጅ ይሆናል?

ሦስቱን እንለይ

አንድ ድረ ገጽ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል፦ ገጹ የሚሠራበት ሶፍትዌር፣ ሰዎች የሚገቡበት አድራሻ (ዶሜይን) እና ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ቦታ (ሆስቲንግ)። ዶሜይን በየጊዜው ክፍያው የሚታደስ እንጂ አንዴ ተገዝቶ የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ነጻ ሆነ ማለት ድረ ገጹ ያለ ወጪ ይቆማል ማለት አይደለም።

«ነጻ» ሁለት ዓይነት ነው

የመጀመሪያው ማንም አውርዶ የሚጠቀምበትና የሚያሻሽለው ሶፍትዌር ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ዎርድፕሬስ ዛሬ ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሠሩበት ነው። ጁምላና ድሩፓልም ከዚሁ ወገን ናቸው። ዶሜይንና ሆስቲንግ ግን ራሳችን እንከፍላለን፤ ማደስና መጠባበቂያ ቅጂ መያዝም የእኛ ሥራ ነው።

ሁለተኛው እንደ ዊክስና ዎርድፕሬስ ዶት ኮም ያሉ ድርጅቶች የሚሰጡት ነጻ አገልግሎት ነው። ኮድ ሳናውቅ በአንድ ቀን ገጽ እናወጣለን። በምትኩ አድራሻችን የድርጅቱን ስም ይሸከማል፣ ማስታወቂያም ይለጠፍበታል። ዎርድፕሬስ ዶት ኮም እና የሚወርደው ዎርድፕሬስ አንድ እንዳልሆኑ ልብ ይሏል።

ስንከፍል

እንደ ስኩዌርስፔስ ባሉ አገልግሎቶችና በዊክስ የክፍያ አማራጮች ሆስቲንጉ አብሮ ይመጣል፣ የራሳችንን ዶሜይን እናስገባለን፣ የሚረዳን ሰውም እናገኛለን። ክፍያው ግን በየወሩ ወይም በየዓመቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜም በውጭ ምንዛሬ የሚሠራ ካርድ ስለሚጠይቅ አገር ቤት ያለ ሰው እንዴት እንደሚከፍል አስቀድሞ ያረጋግጥ። በዊክስ የተሠራን ድረ ገጽ እንዳለ ወደ ሌላ ሆስቲንግ ማዛወርም አይቻልም።

ካለፈው እንማር

ጂኦሲቲስ በአንድ ወቅት ሚሊዮኖች በነጻ ገጽ የከፈቱበት አገልግሎት ነበር። ያሁ በ2009 እ.ኤ.አ. ከጃፓን በቀር ሲዘጋው ቀድመው ያልተገለበጡ ብዙ ገጾች ጠፉ። መክፈልም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በገንዘብ ይሸጥ የነበረው የማይክሮሶፍቱ ፍሮንትፔጅ የመጨረሻ እትም የ2003 ነበር።

ከመምረጣችን በፊት

• ጽሑፋችንንና ፎቶዎቻችንን በፈለግን ጊዜ አውጥተን መውሰድ እንችላለን?
• ዶሜይኑ የተመዘገበው በማን ስም ነው? በድርጅቱ ወይም በማኅበሩ ስም ይሁን፤ የይለፍ ቃሉም ከአንድ ሰው በላይ እጅ ይኑር። የሠራው ወንድም ወይም እህት ሲለቁ ገጹ አብሮ መጥፋት የለበትም።
• አማርኛና ዐረብኛ በአንድ ገጽ ላይ ሲጻፉ በስልክ በትክክል ይነበባሉ? እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያሉ ነጻ ፊደሎችን ይሞክሩ።
• የሁለተኛው ዓመት ዋጋ ስንት ነው? ቅናሹ ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

የሚከፈልበትን ሶፍትዌር ወይም ዲዛይን ተሰብሮ «በነጻ» ከሚታደልበት መውሰድ ግን አይገባም። የሰው ሐቅ ነው፤ በውስጡ የተደበቀ ጎጂ ኮድም ገጹን ለሌቦች ሊከፍት ይችላል።

ምክራችን

ለመለማመድ ነጻው አገልግሎት ይበቃል። ለዓመታት የሚቆይ ድረ ገጽ የሚፈልግ ግን በመጀመሪያ የራሱን ዶሜይን ይያዝ። የሚከታተል ባለሙያ ካለው ዎርድፕሬስን በራሱ ሆስቲንግ ላይ ይጫን፤ ከሌለው የሚከፈልበትን አገልግሎት ይምረጥ። በሁለቱም መንገድ የሥራውን ቅጂ በየወሩ በራሱ ኮምፒውተር ያስቀምጥ።