የሹም ወንበር፣ የሕዝብ ወንበር፦ አገው ምድር ከሕግ መምሪያ እስከ ክልል ምክር ቤት

ዳንግላ መርጣ ወደ አዲስ አበባ የላከችው አንድም ሰው ባልነበራት ዘመን፣ የለንደን መንግሥት ግን ዳንግላ ላይ የራሱን ሰው አስቀምጦ ነበር። ቺዝማን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የብሪታንያ ቆንስል ነበር። መቀመጫውን ዳንግላ አድርጎ ጣናንና ዓባይን ሲያጠና ኖሯል። ብሪታንያ በዓባይ ውኃ ላይ ጥቅም ስለነበራት ጥቅሟን የሚጠብቅላት ሰው ላከች። የአገው ምድር ገበሬም ጥቅም ነበረው፤ መሬቱ፣ ግብሩ፣ ፍርዱ። ስለዚህ ጥቅም የሚናገርለትን ሰው የሚመርጠው ግን እሱ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ዘጠና ዓመት አልፏል፤ አራት ሕገ መንግሥት፣ ሦስት ሥርዓት ታይቷል። የምክር ቤቱ ስም ተቀያይሯል፤ መምሪያ፣ ሸንጎ፣ የተወካዮች ምክር ቤት፣ የክልል ምክር ቤት፣ የብሔረሰብ ምክር ቤት። ያልተቀየረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው የሚፈራው ማንን ነው? የላከውን ሕዝብ ወይስ ያስቀመጠውን ሹም?

1. "ሕዝቡ እስኪደርስ ድረስ"

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የጸደቀው የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተረቀቀ ነው። ሁለት ምክር ቤት አቋቋመ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። የመወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱ መካከል ይሾማሉ። የመምሪያውን አባላት ደግሞ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጡለታል።

በዚያን ጊዜ የጎጃም ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በሳቸው ግዛት ሹማምንት የሚመርጡት የሕዝብ ተወካይ ለማን ሊታዘዝ እንደሚችል ለመገመት ብዙ ምርምር አይጠይቅም። ግብር የሚሰበስበውና ግብር ከፋዩን ወክሎ የሚልከው ሰው አንድ ሆነ። "ዳኛው ዝንጀሮ፣ ፍርዱ ገደል" የሚባለው ዓይነት ነገር ነው።

ያ "እስኪበቃ ድረስ" የተባለው ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመት ወሰደ።

2. መሬት የሌለው አይወዳደርም

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመምሪያውን ወንበር ለሕዝብ ድምፅ ከፈተ። አገሪቱ 200,000 ያህል ሕዝብ ባላቸው የምርጫ ወረዳዎች ተከፈለች፤ ከእያንዳንዱ ወረዳ ሁለት እንደራሴ ለአራት ዓመት ይመረጣል። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ተካሄደ። እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ በጠቅላላው አምስት ጊዜ ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። ስንዱ ገብሩ በዚያው በመጀመሪያው ምርጫ ገብተው በኢትዮጵያ ፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ ኋላም የመምሪያው ምክትል ፕሬዝዳንት ለመሆን በቁ።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ መናቅ የለበትም። ነገር ግን ሦስት ማነቆ ነበረበት።

አንደኛ፣ የፖለቲካ ፓርቲ የለም። እንደራሴው ብቻውን ይወዳደራል፤ ብቻውን ይገባል፤ ብቻውን ይቆማል። ሁለተኛ፣ ዕጩው በምርጫ ወረዳው የ1,000 ብር የማይንቀሳቀስ ወይም የ2,000 ብር የሚንቀሳቀስ ንብረት ሊኖረው ይገባል። እንደ ጎጃም ባለ የርስት አገር መሬት የዘር ነው፤ እንደ ሸቀጥ በገበያ ዋጋ አይተመንም። ስለዚህ ሕጉ ባለ ሥልጣኑንና ነጋዴውን ሲጠቅም፣ አራሹን ገበሬ በር ላይ ያስቀረው ነበር። ሦስተኛ፣ የአመራሩ ነገር። የመምሪያው አባላት ፕሬዝዳንታቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ የመወሰኛውን ፕሬዝዳንት ግን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። አንድ ሕግ ሕግ የሚሆነው በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፎ ንጉሠ ነገሥቱ ሲያጸድቁት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙትም የሚሽሩትም እሳቸው ናቸው።

3. ጎጃም ለፓርላማው የሰጠው መልስ

የዚህ ሁሉ ሂሳብ የተወራረደው በ1960 ዓ.ም. ነው። ፓርላማው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን አጸደቀ። በወረቀት ላይ ሲታይ ዘመናዊ ግብር ነው፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይከፍላል። አዋጁ ግን ከምክር ቤቱ የወጣው ባለርስቶች በሚበዙበት አዳራሽ ውስጥ ለትልልቅ ባለመሬቶች እንዲመች ተለዝቦ ነው።

የጎጃም ገበሬ አዋጁን ያየው በሌላ ዓይን ነው። "ምርቱን ሊገምት የሚመጣው ሹም ነገ መሬቱን ሊለካ ይመጣል፤ መሬት ከተለካ ርስት ያበቃል" ብሎ ሰጋ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ቀድሞውንም አልተወደዱም ነበር። መጀመሪያ ሽማግሌ ተላከ፤ ሕዝቡ አቤቱታውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ወጣ። ሳይሳካ ሲቀር ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ሸፈቱ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ የጦር አውሮፕላንም ተጠቀመ። በመጨረሻ ግን ያፈገፈገው መንግሥት ነው፤ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩ ተሰረዘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሕዝቡ አቤት ለማለት የሄደው ወደ ማን ነበር? ወደ ንጉሠ ነገሥቱ። ከአሥር ዓመት በላይ በድምፁ ሲልካቸው የኖሩት እንደራሴዎች እዚያው ከተማ ውስጥ፣ እዚያው አዳራሽ ተቀምጠው ሳለ፣ ገበሬው ዋናውን አቤቱታ ይዞ ዙፋኑ ደጃፍ ቆመ። ሥልጣን የት እንዳለ ያውቃልና። ግብሩን ያጸደቀው ፓርላማ ነው፤ ያስቀረው ግን አመጽና የንጉሡ ምሕረት ነው። ምክር ቤት ሕዝብንና መንግሥትን የሚያገናኝ ድልድይ መሆን ሲያቅተው፣ ሁለቱ የሚገናኙት በጠመንጃ እንደሆነ ጎጃም በዚያ ዓመት አሳየ።

በዚያ ዘመን አገው ምድር ከጎጃም ጠቅላይ ግዛት አውራጃዎች አንዱ ነበር፤ ዋና ከተማውም ዳንግላ። የአገው ገበሬ ድርብ ዕዳ ነበረበት። በእንደራሴው በኩል ጉዳዩን ለማሰማት የምክር ቤቱን ቋንቋ ማወቅ ነበረበት፤ በቤቱ የሚናገረው አገውኛ በአዳራሹ ቦታ አልነበረውም።

4. ከሸንጎ ወደ ብሔረሰብ ምክር ቤት

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ሲያወርድ ፓርላማውንም በተነ። ለአሥራ ሦስት ዓመት ያህል አገሪቱ ያለ ምክር ቤት ቆየች። ብሔራዊ ሸንጎ ሲቋቋም 835 አባላት ነበሩት፤ ቁጥሩ ብዙ ነው፣ ድምፁ ግን አንድ ነበር። ዕጩዎቹ በኢሠፓ ወንፊት ያለፉ ነበሩ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የአዊን ሕዝብ አቀማመጥ በመሠረቱ ቀየረው። በወረቀት ላይ የእንጅባራ ነዋሪ ዛሬ በአንድ ጊዜ በብዙ አዳራሽ ወኪል አለው። በተወካዮች ምክር ቤት ወኪል አለው። እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ አባል ስለሚኖረው በፌዴሬሽን ምክር ቤትም ወኪል አለው። በባሕር ዳሩ የክልል ምክር ቤትም እንዲሁ። ከዚያ በታች ደግሞ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የራሱ ምክር ቤት አለው። በ1994 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው የክልሉ ሕገ መንግሥት ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ ብሔረሰቦች የራሳቸውን ምክር ቤት፣ አፈ ጉባኤና ዋና አስተዳዳሪ ሰጥቷል፤ የሥራ ቋንቋቸውን የመወሰን ሥልጣንም አላቸው። አገውኛ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ቢሮ የገባው በዚህ በር ነው። በ1960 ለነበረው ገበሬ ይህ ሕልም ነበር።

በቁጥርም ቢሆን ውክልናው የሚናቅ አይደለም። የክልሉ ምክር ቤት 294 ወንበር አለው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ክልሉ 17.2 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ስለነበረው፣ አንድ አባል በአማካይ ለ58,000 ተኩል ሰው ይደርሳል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ታችኛው ምክር ቤት 80 አባል ብቻ ስላለው አንዱ አባል ግማሽ ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ነው። ትንሿ ኒው ሃምፕሻየር ደግሞ 400 አባላት አሏት፤ አንዱ ለ3,400 ሰው ገደማ። የዓመት ክፍያቸው 100 ዶላር ብቻ ነው፤ ስለዚህ አባሉ መምህር፣ ጡረተኛ ወይም ባለሱቅ ሆኖ ከጎረቤቱ ጋር ገበያ ይውላል። ሕጉ ቢያስቆጣ ገበያው መሐል ይጠየቃል።

ስለዚህ የወንበር ቁጥር ችግር የለም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

5. አንድ ድምፅ፣ አራት ርዕሰ መስተዳድር

በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ከክልሉ 294 ወንበሮች 106ቱን ቅንጅት ወሰደ፤ 188ቱን ኢሕአዴግ። ያ ቁጥር በክልሉ ታሪክ ብርቅ ሆኖ ቀረ። በ2002 እና በ2007 ዓ.ም. 294ቱም ወንበር የብአዴን ሆነ። ተቃዋሚ የሌለበት አዳራሽ ጭቅጭቅ የለበትም፤ ጭቅጭቅ የሌለበት አዳራሽ ደግሞ ዜና የለውም። በዓመት ጥቂት ጊዜ ይሰበሰባል፣ ሪፖርት ይሰማል፣ በጀት ያጸድቃል፣ ሹመት ያጸድቃል፣ ይበተናል።

አሁን የአንድ የእንጅባራ መራጭን ካርድ እናስላ። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ድምፁን ሰጠ። የመረጠው ምክር ቤት አቶ ገዱ አንዳርጋቸውን ርዕሰ መስተዳድር አደረገ። በ2011 ዓ.ም. ዶክተር አምባቸው መኮንን ተተኩ፤ ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳር ተገደሉ። ቀጥሎ አቶ ተመስገን ጥሩነህ፣ ከዚያ አቶ አገኘሁ ተሻገር መጡ። አንድ ካርድ፣ አራት መሪ። በኮሮና ምክንያት የተራዘመው ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተካሄደ፤ አዲሱ ምክር ቤት ዶክተር ይልቃል ከፋለን መረጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ በእሳቸው ቦታ አቶ አረጋ ከበደን ተካ።

በሕግ ዓይን ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ሥርዓቱ ፓርላማዊ ስለሆነ መሪ የሚሾመውም የሚሽረውም ምክር ቤቱ ነው። በአሜሪካ ግዛቶች አገረ ገዥውን ሕዝቡ በቀጥታ ስለሚመርጠው ምክር ቤቱ እንዲህ በቀላሉ አይለውጠውም። ፓርላማዊ ሥርዓት ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ አባላቱ መሪውን ለምን እንዳነሱና ለምን እንደሾሙ በአደባባይ ይከራከራሉ፣ ለመራጩም ያስረዳሉ። መሪው ፓርቲ ቢሮ ውስጥ ተወስኖ አዳራሽ ውስጥ እጅ ብቻ የሚወጣለት ከሆነ፣ ምክር ቤቱ መራጭ መሆኑ ቀርቶ ማኅተም ይሆናል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ከታች ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዘመ፤ ከዚያም በዚያው ቀረ። የባንጃ፣ የፋግታ ለኮማ ወይም የዳንግላ ወረዳ ነዋሪ በቅርቡ ያለውን፣ መሬቱን፣ መንገዱን፣ ማዳበሪያውን የሚወስንበትን ምክር ቤት ከመረጠ አሥር ዓመት አልፎታል። ያኔ ስምንት ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ አዋቂ ሆኖ ሳለ፣ የቀበሌ ምርጫ ምን እንደሚመስል አያውቅም።

6. ፈረሰኞቹ የሚያስተምሩት

አዊ ውስጥ አባልነትና አመራር ምን ማለት እንደሆነ የሚያሳይ ሌላ ተቋም አለ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ንጉሥ አይቶ፣ ደርግ አይቶ፣ ኢሕአዴግ አይቶ ዛሬም ጥር 23 ቀን ፈረሱን ሸልሞ ይወጣል። ያለ መንግሥት በጀት ለምን ቆየ? አባሉ በፈረሱና በጉልበቱ የተሳተፈ ስለሆነ፣ አለቃውን በስም ስለሚያውቀው፣ አለቃውም ሲያጠፋ እዚያው በአባሉ ፊት ስለሚጠየቅ ነው። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት ሽማግሌዎች የሚከበሩት ደብዳቤ ስለያዙ ሳይሆን ነገ እዚያው መንደር ስለሚኖሩ ነው።

ማኅበር ምክር ቤት ሊተካ አይችልም፤ ሕግ አያወጣም፣ በጀት አያጸድቅም። ነገር ግን ምክር ቤቱ የጎደለውን ነገር በግልጽ ያሳያል፤ የሚያውቅህ ሰው ፊት መጠየቅ።

የ1923ቱ ሕግ ሕዝቡ ለመምረጥ "እስኪበቃ" ይቆይ ብሎ ነበር። ሕዝቡ በቅቷል፤ በ1950ም መርጧል፣ በ1997ም መርጧል። መብቃት የቀረው ምክር ቤቱ ነው። መነሻው ሩቅ አይደለም፤ የቆየውን የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ማካሄድ፣ አባሉ ከእያንዳንዱ ጉባኤ በኋላ ምን ብሎ እንደተናገረና እጁን ለምን እንዳወጣ ለመራጩ እንዲያስረዳ ማድረግ። ይህ ካልሆነ ግን የ1960ው መንገድ ክፍት ነው፤ በክልሉ ባለፉት ዓመታት የታየው ደም ያ መንገድ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ይናገራል። አዳራሹ ሲዘጋ ነገሩ አያልቅም፤ ጫካ ይወጣል።